ሦስት ሚሊሜትር

የቤንዚን ሞተር ሲነሣ ፍንዳታ የሚለው ቃል አብሮ ይነሣል። በደህና ሞተር ውስጥ ግን የሚቃጠል እንጂ የሚፈነዳ ነገር የለም። ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ ከአንድ ጥግ ይነሣና እንደ ሰደድ እየተዛመተ የታመቀውን የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ይጨርሳል። መዛመቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለት ሺኛ ሰከንድ ያህል። ከቁጥር የማይገባ ጊዜ ይመስላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን በዚያች ቅጽበት ዋናው ዘንግ 36 ዲግሪ፣ ማለትም የሙሉ ዙር አንድ አሥረኛ ይጓዛል።

ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑን መቅደም አለበት። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ እሳቱ ይለኮሳል፤ ጫፍ ደርሶ መመለስ ሲጀምር ግፊቱ ይበረታና ቁልቁል ይገፋዋል። ብልጭታው ከዘገየ ግፊቱ የሚሸሽ ፒስተን ያሳድዳል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ማርሚታው ይግላል። ከመጠን በላይ ከቀደመ ደግሞ እየወጣ ያለውን ፒስተን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ሙቀቱና ግፊቱም እሳቱ ገና ያልደረሰበትን ቅልቅል በራሱ ጊዜ እንዲነሣ ያደርጉታል። ፍንዳታ የሚባለው ያኔ ነው። ድምፁ ጣሳ ውስጥ የተጨመረ ጠጠር ሲናጥ ይመስላል። ቶሎ ካልታረመ የፒስተኑን አናት እስከ መብሳት ይደርሳል። የታይሚንግ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ቀድሞ መድረስ፣ ነገር ግን ብዙ አለመቅደም።

ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከካቻቢቴ አቀባይነት ተነሥተው መካኒክ የሆኑ፣ ዛሬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ይህንን ልክ የተማሩት በጆሮ ነው። ፑንቲናው ይጸዳል፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ላይ ይስተካከላል። ሞተሩ ይነሣና ይሞቃል። ዲስትሪቢውተሩን አንቆ የያዘው ብሎን ይላላል። ከዚያ መካኒኩ ዲስትሪቢውተሩን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በፀጉር ስፋት ወዲህና ወዲያ ያዞረዋል። ሞተሩ ይፈጥናል፣ ይንተፋተፋል፣ እንደገና ይሰበሰባል። በጣም ለስልሶ የፈጠነበት ቦታ ሲገኝ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስና ብሎኑ ይጠብቃል። ቀጥሎ ኮላውዶ ነው። መኪናው ወደ እንጦጦ ዳገት ይወሰዳል፤ በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚኑ እስከ ወለሉ ይረገጣል። ጠጠሩ ከተሰማ ጥቂት ማዘግየት። ካልተሰማ ጥቂት ማስቀደም። ጠጠሩ ሊሰማ ሲል የጠፋበት ቦታ፣ እሱ ነው ልኩ።

ይህን ዘዴ በግምት መሥራት ነው ብሎ የሚያጣጥል ሰው ሥራውን አያውቀውም። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለአዲስ ሞተርና ለዝቅተኛ አገር የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲሊንደሩ በሳሳ አየር ሲሞላ እሳቱ በዝግታ ይዛመታል፤ ጠጠሩም በቀላሉ አይመጣም። እዚያ የሚሠራ መካኒክ ብልጭታውን ከመጽሐፉ ጥቂት ዲግሪ ቢያስቀድም ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ያው መኪና ናዝሬትን አልፎ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጠጠሩ ብቅ ይላል። ስለዚህ በዚያ ጋራዥ ለደንበኛ ከሚቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ቆላ ትወርዳለህ?» የሚል ነበር። ለድሬዳዋ መንገደኛ የሚታሰረው ልክና ከፒያሳ ቦሌ ለሚመላለስ የሚታሰረው ልክ አንድ አልነበረም። ያንን ልዩነት በመጽሐፍ ውስጥ የሚያገኝ የለም፤ ጆሮ ውስጥ ነው ያለው።

በጋራዡ ደጃፍ ከሚቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ ቮልስ ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስ መሆኗን የሚያስታውሰው ብዙ ነው። መካኒኮች ግን ቮልስን የሚወዱት በሌላ ምክንያት ነው። ውኃ የላት፣ ራዲያተር የላት፤ ሞተሯን የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ሰው በሁለት እጁና በጥቂት ቁልፎች ሙሉ በሙሉ ሊያውቃት የሚችል መኪና ናት። አዛውንቱ አሜሪካ ገብተው ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ የመጀመሪያ ሥራቸው ቮልስ መፈለግ ሆነ፤ የ1970 ሥሪት፣ ባለ 1,600 ሲሲ አገኙ። ቀድሞ የያዘው ሰው የፋብሪካውን ዲስትሪቢውተር አውጥቶ፣ የቮልስ ወዳጆች 009 እያሉ የሚጠሩትን የቦሽ ሥራ አስገብቶበት ነበር። ፑንቲናውን አስተካከሉ፤ ሞተሩን አሞቁ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ድሮው በጆሮ አሰሩት። ከአገራቸው ይዘውት ከመጡት ሁሉ ጉምሩክ ያልፈተሸው፣ ወረቀት ያልተጠየቀበት ሀብት ያ ጆሮ ነበር።

የእህታቸው ልጅም መካኒክ ነው፤ የሚሠራው ግን በአዳዲስ መኪኖች ላይ ነው። በሐምሌ ሙቀት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ሲወጡ ባለቤታቸው ከፊት፣ ልጁ ከኋላ ተቀመጡ። በቮልስ ከኋላ መቀመጥ ማለት ሞተሩን ተደግፎ መቀመጥ ነው። 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ዳገት ማንሣት ሲጀምር ልጁ ጆሮውን አቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ አይሰማዎትም?»

«የምን ድምፅ?»

«ጠጠር። ቤንዚን በረገጡ ቁጥር።»

«ኮምፒውተር የለመደ ጆሮ ይዘህ ነው። ቮልስ ከተወለደችም ጫጫታ ናት።»

ማረፊያ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ልጁ መሪውን ያዘ፤ አዛውንቱ ከኋላ ገቡ። ዳገቱ ላይ ልጁ በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። ባለቤታቸው ከፊት ወንበር ዘወር ብለው «ይኼ የሚንኮሻኮሸው ነው እንዴ?» አሉ። ከሞተሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት የተቀመጡት መካኒክ መልስ አልሰጡም። ከመኪናው ውስጥ ያልሰማው የእሳቸው ጆሮ ብቻ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አባባሉ የተነገረው ለሐሜት ነው፤ ስለ ሰው የሚወራውን መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት። በዚያ ዳገት ላይ ግን ቃል በቃል ሠራ። የፍንዳታው ጩኸት 85.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የዚያ መኪና ሲሊንደር ውስጥ በሰከንድ 6,500 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ ነው። ዕድሜውን በጫጫታ ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው፤ እርጅና ሲጨመርበት ከዚያ በላይ ያለውም ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ሰውየው የሞተሩን መለስለስ ይሰማል፣ የመዞሩን ፍጥነት ይሰማል፣ የሰው ንግግርም ይሰማል፤ ጆሮዬ ደህና ነው ብሎ ያምናል። የጎደለው ያ አንድ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሥራው በሙሉ የቆመው ደግሞ በእሱ ላይ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ካልተሰማ ጥቂት ማስቀደም የሚለው ሕግ፣ የማይሰማ ጆሮ ሲይዘው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ ወደ ማስቀደም። ዳገት ይወጣል፣ ጠጠር አይሰማም፣ ይቀደማል፤ እንደገና ይወጣል፣ አይሰማም፣ ይቀደማል። የአዲስ አበባ እጅ ሲጨመርበት ደግሞ ለ2,300 ሜትር የለመደው ልክ በባሕር ወለል ላይ ባለች ከተማ ውስጥ ይታሰራል። በዚያ ዘመን ቮልስ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ይግላል። ፒስተን የሚበሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። የዚያን ዕለት ቀሪውን መንገድ ቀስ ብለው ጨረሱት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ታይሚንግ ላይት። አዛውንቱ አላዩት አይደለም፤ በአዲስ አበባም ትልልቅ ጋራዦች ውስጥ አይተውታል። አይወዱትም እንጂ።

«ይሄ ፑሊ ያያል፤ ሞተር አይሰማም» አሉ።

ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። መብራቱ የሚያሳየው ብልጭታው ሲነሣ ፑሊው የት እንደነበረ ብቻ ነው። የቤንዚኑን ጥራት አያውቅም፤ ከፍታ አያውቅም፤ የሞተሩን ዕድሜ አያውቅም። ፑሊው የተቀየረ ከሆነ ምልክቱ ራሱ ይዋሻል፤ የዋሸ ምልክት ደግሞ በደማቅ መብራት ሲታይም ያው ውሸት ነው። ልጁ አልካደም። «እንግዲያው መጀመሪያ ምልክቱን እንፈትሸው» አለ፤ አዛውንቱ በዚህ ተስማሙ።

የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ወጣ። አዛውንቱ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በቀዳዳው አስገብተው ፑሊውን በቁልፍ ቀስ እያሉ አዞሩ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጥቂት የቆመ ያህል ስለሚዘገይ ትክክለኛው ጫፍ በቀጥታ አይገኝም። ስለዚህ ዘንጉ ከጫፉ በፊትና ከጫፉ በኋላ እኩል የገባባቸውን ሁለት ቦታዎች ፑሊው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው መሃላቸውን ወሰዱ። ጠመኔውና የፑሊው ጭረት ገጠሙ፤ ምልክቱ እውነተኛ ነው። በቮልስ ጭረቱ የሚነበበው ከሌላ ጠቋሚ ጋር አይደለም፤ ሞተሩ ለሁለት ተከፍሎ ከተጋጠመበት መስመር፣ ከስፌቱ ጋር ነው። ቀጥለው የፑሊውን ዙሪያ በክር ለኩ፤ ክሩን ለ12 አካፈሉት፤ 360 ለ12 ሲካፈል 30 ነውና። ያችን ርዝመት ከጭረቱ በስተቀኝ ለክተው ከባለቤታቸው በተዋሱት ነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረጉ። ይህ ሁሉ ሥራ የአዛውንቱ ነበር። ልጁ በመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ሌላ 12 ቮልት ባትሪ መሬት ላይ ተቀምጦ የመብራቱ ሁለት ሽቦዎች እዚያ ተያያዙ። ሦስተኛው ሽቦ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ አለው፤ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ኬብል ይቆነጥጣል፤ በላዩ ያለው ቀስት ወደ ካንዴላው ይዞራል። በኬብሉ ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ይላል። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ በደቂቃ 900 ሲዞር ብልጭታው በሰከንድ ሰባት ተኩል ጊዜ ነው፤ በ3,000 ዙር 25 ጊዜ። እያንዳንዱ ብልጭታ እጅግ አጭር ስለሆነ ዓይን የሚያየው ፑሊው በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ቦታ ብቻ ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት የቆመ ይመስላል። የመሣሪያው አደጋም እዚህ ላይ ነው። የቆመ የመሰለ ፑሊ ጣት ይቆርጣል፤ የቆመ የመሰለ ቺንጋ እጅጌ ይጎትታል። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው የአጎቱን የሹራብ እጅጌ መሰብሰብ ነበር።

ልጁ መብራቱን አነጣጠረ። አዛውንቱ የካርቡራተሩን ገመድ ስበው ሞተሩን ከ3,000 ዙር በላይ አደረሱት። ፍጥነቱ ሲጨምር በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወሩና ብልጭታውን ያስቀድማሉ፤ ይህን ሁሉም መካኒክ ያውቃል። አዛውንቱ ግን ሲሆን አይተው አያውቁም ነበር። ነጩ ነጥብ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተራመደ መጥቶ ቆመ። የቆመው ስፌቱ ላይ አልነበረም፤ ከስፌቱ በስተግራ፣ የአንድ ጣት ስፋት ቀርቶት ነበር። ብልጭታው ሲነሣ የ30 ዲግሪው ምልክት ገና አልደረሰም ማለት ነው።

«ስንት ነው?»

«40 ገደማ።»

«አዲስ አበባ ቢሆን…»

«አዲስ አበባም 40 ይበዛል፣ ጋሼ።»

ብሎኑን ያላሉት እሳቸው ናቸው፤ ዲስትሪቢውተሩንም የያዙት እሳቸው። በቮልስ የዲስትሪቢውተሩ ሮተር በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ገላውን ወደዚያው አቅጣጫ ማዞር ብልጭታውን ያዘገያል። ዲስትሪቢውተሩ የሚዞረው በዋናው ዘንግ ግማሽ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ 10 ዲግሪ ለመመለስ ገላው 5 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። ያ በገላው ዙሪያ ላይ ሲለካ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው። እጃቸው በዕድሜው ሁሉ እንደለመደው በፀጉር ስፋት ተንቀሳቀሰ፤ ነጩ ነጥብ ከግራ ተነሥቶ ወደ ስፌቱ መጣና ገጠመ። ብሎኑን አጠበቁ። ከዚያ ሞተሩን ዝቅ፣ ከፍ፣ እንደገና ዝቅ እያደረጉ ነጥቡ ሲሄድና ሲመለስ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ለሥራ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ማየት ነበር።

ቡና እየጠጡ ልጁ ስለ አዳዲሶቹ መኪኖች ነገራቸው። ዲስትሪቢውተር የላቸውም፤ በእጅ የሚዞር ነገር የለም፤ ታይሚንጉን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ነገር ግን በሞተሩ ገላ ላይ በብሎን የታሰረ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ሥራው ማዳመጥ ነው። የሚያዳምጠውም ያንኑ ቀጭን ድምፅ ነው። ጠጠሩን ሲሰማ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ጥቂት ዲግሪ ያዘገያል፤ ጠጠሩ ሲጠፋ ቀስ በቀስ መልሶ ያስቀድማል፤ እንዲህ እያለ ሊሰማ ሲል የጠፋበትን ቦታ ሲፈልግ ይውላል። ተራራ ሲወጣ፣ ቆላ ሲወርድ፣ ቤንዚኑ ሲቀየር ልኩን ይቀይራል።

«እንጦጦ ሳይወጣ?» አሉ አዛውንቱ።

«ሳይወጣ።»

«እኛ ያደረግነውን ነው እኮ የሚያደርገው።»

እውነት ነበር። ዘዴው አልተሸነፈም፤ መሐንዲሶቹ ጆሮውን ከሰው ራስ አውጥተው ብረቱ ላይ አሰሩት እንጂ። የማያረጅ ጆሮ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ባለቤታቸው ለዓመታት ሲጎተጉቷቸው የነበረውን የጆሮ ምርመራ አዛውንቱ ሄደው አደረጉ። ውጤቱ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ነው፤ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ደልዳላ፣ ከ3,000 ኸርዝ በኋላ ግን ገደል። መስመሩን ሲያዩ ብዙ አልተገረሙም። በፑሊው ላይ የአንድ ጣት ስፋት ሆኖ አስቀድመው አይተውታል።

ይሁንና ታይሚንግ ላይቱ የመጨረሻውን ጥያቄ አይመልስም፤ ይህን አዛውንቱ ሲናገሩ ልክ ናቸው። ነጥቡ ስፌቱ ላይ ገጥሞም ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጋገረ ከሰል ካለ፣ ጠጠሩ ሊመጣ ይችላል። ኮላውዶ አይቀርም፤ ለኮላውዶ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሁን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። በዳገቱ ላይ አዛውንቱ ይነዳሉ፤ ልጁ ከኋላ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሆን ብለው ብልጭታውን ጥቂት አስቀድመው ወሰዱት፤ ልጁ የጠጠሩን መጀመሪያ፣ ገና ከነፋሱ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ እንዲለየው። እሱ በሥራው ማሽኑ ስለሚሰማለት ይህን አልተማረም።

«ሲጮህማ ማንም ይሰማዋል» ይሉታል። «አንተ ሊጮህ ሲል ነው መስማት ያለብህ።»

ከዚያ መንገድ ዳር ቆመው ዲስትሪቢውተሩን ወደ ነጩ ነጥብ መለሱትና ዳገቱን እንደገና ወጡት። በሦስተኛ ማርሽ፣ ቤንዚኑ እስከ ወለሉ ተረግጦ።

«ተሰማህ?»

«አልተሰማኝም።»

«ደህና አድርገህ ስማ።»

«ሰማሁ እኮ ጋሼ። ምንም የለም።»